የወይዘሮ አስካለ ሜትር

ወይዘሮ አስካለ አረፉ ሲባል መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው «ሜትሩን ማን ወሰደው?» የሚል ጥያቄ ነው። «ነፍስ ይማር» የሚለው ሁለተኛ ነው የመጣው፤ እሱም ከአፍ ላይ።

ዜናውን ያነበብኩት አትላስ ታክሲ ስጠብቅ፣ በድሮው ትምህርት ቤቴ መምህራን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው። ነጠላ አጣፍተው የተነሡት ፎቶ ተለጥፏል። ከሥሩ የሻማ ምስል፣ የተጋጠሙ እጆች፣ «እናታችን»፣ «የትውልድ ቀራጭ»፣ «ስንቱን ልጅ ከጥፋት ያዳኑ»። ስንቱን ልጅ የሚለው ላይ ስደርስ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ስንቱን እንዳዳኑ አላውቅም። አንዲት ልጅ ላይ ያደረጉትን ግን ቆሜ አይቻለሁ፤ እሳቸውን እንዳልረሳ ያደረገችኝም እሷ ናት።

አንቱ የምላቸው ለዕድሜያቸው ነው። ከዚያ የዘለለ አክብሮት የሚፈልግ የቴሌግራሙን ግሩፕ ያንብብ።

ትምህርት ቤቱ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ያለ የግል ሁለተኛ ደረጃ ነው። ሕንፃው መጀመሪያ ለሆቴል ታስቦ የተጀመረ ስለነበር በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ጫፍ ብቅ ብሎ ይታያል። እኔ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ወይዘሮ አስካለ ደግሞ የሥነ ምግባርና የዩኒፎርም ኃላፊ ነበሩ። ሁለቱ ሥራዎች ለምን ለአንድ ሰው እንደተሰጡ ስቀጠር ጠይቄ ማንም አልመለሰልኝም፤ ኋላ ነው የገባኝ። ሴትየዋ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ዩኒፎርም ሊሰፉ መጡ፣ ልጆቹን ሲለኩ መምከር ጀመሩ፣ ምክሩን ባለቤቱ ሰማና ወደደው። እንዲህ ነው በእኛ አገር ሰው ኃላፊ የሚሆነው።

አጠር፣ ደልደል ያሉ፣ ድምፃቸው የለዘበ ሴት ነበሩ። ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም። ሲቆጡ ድምፃቸው ይብሱን ዝቅ ይልና «ልጄ» የሚሉት ነገር ይበዛል፤ ልጆቹም «ልጄ» ሲባሉ ነው የሚፈሩት። ከአንገታቸው ላይ ቢጫ የልብስ ሰፊ ሜትር ተለይቷቸው አያውቅም። ቁጥሩ ደብዝዟል፣ ጫፉ ላይ የነበረችው ብረት ወልቃለች። ነጠላ ሲለብሱ እንኳ ሜትሩ ከነጠላው በላይ ነው። ተማሪዎቹ ስማቸውን ትተው «ሜትር» ይሏቸው ነበር። «ሜትር መጣች» ሲባል ኮሪደሩ ጸጥ ይላል።

ትምህርት በተጀመረና ከዕረፍት በተመለስን ቁጥር ሴት ተማሪዎች ኮሪደር ላይ ይሰለፋሉ፣ ወይዘሮ አስካለ ወገባቸውን ይለካሉ። ለዩኒፎርም ልክ ነው ይባላል። ወንዶቹ አይለኩም። ገና አዲስ መምህር ሳለሁ፣ ምንም ሳይገባኝ፣ አጠገባቸው ቆሜ ጠየቅኋቸው።

«ወይዘሮ አስካለ፣ ወንዶቹስ?»

«የወንድ ልጅ ሱሪ በቀበቶ ይጠብቃል፣ ማርታዬ።»

«ትከሻና ቁመትስ አይለካም?»

«ጉርድ የሚያርፈው ትከሻ ላይ ነው እንዴ?» አሉና ፈገግ ብለው ቀጣይዋን ጠሩ።

የሚለኩትን የትም አይጽፉትም። በቃላቸው ነው የሚይዙት። በሻይ ሰዓት መምህራን ክፍል ገብተው ዳቧቸውን እየቆረሱ «ያቺ የአሥር ለ ረጅሟ፣ ከገና ወዲህ ሁለት ጣት ጨምራለች፤ ዓይኔን አልጥልባትም ትላላችሁ?» ይሉ ነበር። ላሙ መቼ እንደምትወልድ የሚያሰላ ገበሬ እንኳ እንዲህ ያለ ኩራት የለውም። የሒሳብ መምህሩ ይስቃል፣ የአማርኛ መምህሯ ከንፈሯን ትመጣለች፣ ርዕሰ መምህሩ ስልኩን ያያል። ሁላቸውም ዲግሪ አላቸው። እኔ ደጋግሜ ተናገርኩ፤ «ይኼ ነውር ነው» አልኩ። ወይዘሮ አስካለ በእርጋታ አዳመጡኝና «ነውሩ ሆድ ሲገፋ ነው፣ ማርታዬ። ሰው ይዋሻል፤ ሜትር አይዋሽም» አሉኝ። ይህችን አባባል በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ካላሏት ምሳ አይበሉም።

የባዮሎጂ መጽሐፉ ነገርም አለ። አዲሶቹ መጻሕፍት ለተማሪ ከመታደላቸው በፊት እሳቸው ቢሮ ያድራሉ። ስለ ሰው መራቢያ አካላት የሚናገረው ምዕራፍ ዙሪያውን በስቴፕለር ተመትቶ ነው የሚወጣው። ይህን ባየሁ ጊዜ መጽሐፉን ይዤ ቢሯቸው ገባሁ።

«ይህንን እኮ ላስተምረው ነው የተቀጠርኩት።»

«ሲደርሱበት ይከፍቱታል።»

«መቼ ነው የሚደርሱበት?»

«ሲያገቡ» አሉኝ፣ ሳይቀልዱ።

በእርግጥ ልጆቹ ስቴፕለሩን በጥፍርም በጥርስም ነቅለው በሳምንቱ ጨርሰውታል። ከመጽሐፉ ውስጥ ሁሉም ተማሪ ያነበበው ብቸኛ ምዕራፍ እሱ ነበር ብል አላጋነንኩም። ያነበቡት ግን ከግቢው ግድግዳ ጥግ ተደብቀው፣ እየሳቁ፣ ግማሹን ሳይረዱት ነው። ያልገባቸውን ከቲክቶክ ይሞሉታል። ወይዘሮ አስካለ ምዕራፉን ከእኔ ቀምተው ለማን እንዳስረከቡት ቢያውቁ ኖሮ፣ እላለሁ አንዳንዴ። ግን ቢያውቁም ስቴፕለር ይጨምሩ ነበር እንጂ አይከፍቱትም።

እንዲህ ስል ክፉ ነበሩ ማለቴ አይደለም፤ ክፉ ቢሆኑማ ይቀለኝ ነበር። መሳቢያቸው ውስጥ ሞዴስ ያስቀምጣሉ። አንዲት ልጅ ድንገት ከመጣባት እሳቸው ጋ ትሄዳለች፤ በጋዜጣ ጠቅልለው፣ በጥቁር ፌስታል አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ መስኮት አዙረው ይሰጧታል። ቃል አይናገሩም። ስሙን እንኳ አይጠሩትም፤ «ያ ነገር» ነው። ነገር ግን የወሰደችበትን ቀን አይረሱትም፤ በሚቀጥለው ወር ካልመጣች ደግሞ ያንን ያስታውሳሉ። ልጆቹም ይህን ስላወቁ ክፍል ውስጥ ጃኬታቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ውለው ቤታቸው ይሄዳሉ። የወይዘሮ አስካለ ደግነት ሁሉ እንዲህ ነበር፣ መዝጊያው ከውስጥ የሚቆለፍ።

ከዚያ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ትእዛዝ መጣ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሥነ ተዋልዶ ጤና ትምህርት እንዲያገኙ፣ ለዚህም አንድ ሠራተኛ ሥልጠና እንዲወስድ የሚል ነው። ጉዳዩ የሥነ ምግባር ነው ተባለና የተላኩት ማን ይመስላችኋል? ሦስት ቀን ቦሌ አንድ ሆቴል ውለው፣ ምሳቸውን በልተው፣ ቦርሳ፣ ካናቴራና ባለ ሥዕል ትልቅ የግድግዳ ሠሌዳ ተሸክመው ተመለሱ። ሠሌዳው ቢሯቸው ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተሰቀለ። «ስለ አካሌ አውቃለሁ» የሚል የተጻፈበትን ካናቴራ ለዘበኛው ሰጡት፤ እሱም ሰባ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ሰውዬ እስክለቅ ድረስ ለብሶት በር ላይ ይቆም ነበር። የሚቋቋመው ክበብ ደግሞ «የጨዋ ልጆች ክበብ» ተባለ። ሥራውም ሠንደቅ ዓላማ መስቀልና ግቢ መጥረግ ሆነ።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አሉኝ ስለ ትእዛዙ ስጠይቃቸው። «የተኛን ልጅ ቀስቅሶ ኃጢአት ማሳየት።»

ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ሲባል ግን ርዕሰ መምህሩ ተደናገጠና አንድ ክፍለ ጊዜ እንዳስተምር ተፈቀደልኝ፣ ለአሥራ አንደኛ ክፍል። አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ። ወይዘሮ አስካለ ከኋላ ወንበር ላይ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ስለ ወር አበባ አስተማርኩ፤ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚመጣ። ከዚያ «ጥያቄ ያለው?» አልኩ። ማን ይጠይቃል በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት?

ብሌን ጠየቀች።

ብሌን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከፊት ረድፍ የምትቀመጥ፣ ጸጉሯን ሁልጊዜ ሁለት ጉንጉን የምትሠራ፣ ታዛዥ ልጅ። ታዛዥ ስል እውነቴን ነው፤ በክፍሏ ውስጥ ስቴፕለሩን ያልነቀለች እሷ ብቻ ነበረች፤ እዪ ካልተባለች አታይም። እጇን አወጣችና «ሚስ፣ ወር አበባ ከቀረ ሁልጊዜ እርግዝና ነው ወይስ ሌላ ነገርም ይሆናል?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው አልኳትና ሌላም ምክንያት እንዳለው፣ የቆየ ከሆነ ሐኪም ማየት እንዳለበት መናገር ጀመርኩ። አልጨረስኩም። ወይዘሮ አስካለ ተነሥተው «ልጆቼ፣ ለዛሬ ይበቃል» አሉ። ደወሉ ገና ነበር።

«ያልበላት አታክም» አሉኝ ኮሪደር ላይ።

«ጥያቄ እኮ ነው የጠየቀችው።»

«አዎ፣ ማርታዬ። ለምን ጠየቀች?»

በማግስቱ ጠዋት ብቻዋን ቢሯቸው ጠርተው ለኳት። አምስት ጣት ጨምራለች። እውነት ነው፣ ጨምራ ነበር። ሜትሩ አልዋሸም።

እናቷ ተጠራች። ፀሐይ ትባላለች፤ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጭነት ክፍል በፈረቃ የምትሠራ፣ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ሴት። ብሌንን የወለደቻት በአሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ያንን ለማንም አትናገርም፣ ግን ሁሉም ያውቀዋል። የሥራ አንጸባራቂ ሰደርያዋን ሳታወልቅ፣ ባጇ ደረቷ ላይ እየተወዛወዘ መጣች። እኔ ሳልጠራ ገባሁ።

ፀሐይ ልጇን አታያትም። ወለሉን እያየች «ማነው?» ትላለች።

«ማንም የለም፣ እማዬ።»

«ማነው እኮ ነው የምልሽ?»

«በማርያም ማንም የለም።»

«ማንም የለም የማትል አይቼ አላውቅም» አሉ ወይዘሮ አስካለ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው። «ልጄ፣ እኛ አንጠላሽም።»

ክሊኒኩ ቅርብ ነው፣ አሁኑኑ እንውሰዳት፣ በአንድ ምርመራ ይታወቃል አልኩ። ወይዘሮ አስካለ እንደ ሕፃን አዩኝ። «ክሊኒክ? የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተቀምጦ በሚጠብቅበት? ካርድ አውጥታ፣ ስሟ ተጠርቶ? ምርመራ ቢደረግ ይወራል። ባይደረግ አይወራም።» ፀሐይም ራሷን ነቀነቀች። ይኸው ነው የሁለቱ ሴቶች ጥበብ። ልጅቷ ያረገዘች መሆኗን በእርግጠኝነት ያውቃሉ፤ እንዳይታወቅ ሲሉ ግን አያጣሩም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ሁለቱም ይተርታሉ፤ ለሌላ ሰው ሲሆን።

ብሌን ጣፎ አክስቷ ቤት እንድትቀመጥ ተወሰነ። ለክፍል ጓደኞቿ «ብሌን ታማለች» ተባለ፣ ለስሟ ሲባል። ከዚያ ሁሉ ወሬ መሀል እውነት ሆኖ የተገኘው ይህ ሽፋኑ ብቻ ነው።

ከሳምንት በኋላ ገርጂ አንድ ፋርማሲ ገብቼ የእርግዝና መመርመሪያ ገዛሁ። ሻጯ ጣቴ ላይ ቀለበት ፈልጋ አጣች፣ ዕቃውን በጥቁር ፌስታል ሰጠችኝ። አገሩ ሁሉ አንድ ወይዘሮ አስካለ ነው ብዬ ወደ ጣፎ ሄድኩ። ብሌን ምንጣፍ ላይ ጉልበቷን ወደ ሆዷ ሰብስባ ተኝታ አገኘኋት። ፊቷ አመድ መስሏል። ያመኛል አለች፣ እዚህ ጋ፣ በአንድ ጎን። አክስቷ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች።

«ሚስ» አለችኝ ብሌን ቀስ ብላ፣ «ሁሉም ሰው እርግጠኛ ሲሆን እኔም ግራ ገባኝ። ሳላውቀው ሆኖ ይሆን እንዴ?»

«እንዴት ሳታውቂው?»

«ክረምት ላይ ከአክስቴ ልጆች ጋር ገንዳ ዋኝተን ነበር። ወንዶችም ነበሩበት። ከዚያ ይሆናል?»

እኔ የዚህች ልጅ ባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። እዚያ ምንጣፍ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ ያ የተመታው ምዕራፍ ውስጥ ያለውን በደንብ አድርጌ፣ በስሙ እየጠራሁ ነገርኳት። አክስቷ «ኧረ በስመ አብ» እያለች ወደ ጓዳ ገባች። ስጨርስ ብሌን «እንዲህ ከሆነማ አላረገዝኩም» አለች። መመርመሪያውም ያንኑ አለ፣ አንድ መስመር ብቻ። ሆስፒታል እንሂድ ስል አክስቷ በሩን ይዛ «እናቷ ሳትፈቅድ ከዚህ አትወጣም» አለች። ለፀሐይ ደወልኩላት፤ ውጤቱን ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። ፎቶውን ለማን እንዳሳየችው መቼም አትስቱትም። ወይዘሮ አስካለ መልሰው ደወሉልኝ።

«ማርታዬ፣ ይኼ ፕላስቲክ ነው።»

«ይኼ ምርመራ ነው።»

«ፕላስቲክ ይዋሻል፣ ልጄ። ሜትር አይዋሽም።»

ልጄ ያሉኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ሁለት ቀን ቆይቶ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ አክስቷ እያለቀሰች ደወለች። ብሌን ታስመልሳለች፣ ትጮኻለች። ፈቃድ የጠየቀ የለም ያን ጊዜ። ላዳ ይዤ ሄጄ ከአክስቷ ጋር ደግፈን አስገባናት፤ ጉዞውን ሁሉ አክስቷ ሾፌሩን «ጉድጓዱን ቀስ በል» ስትለው ነበር። ሆስፒታል የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ሆዷን በአልትራሳውንድ አየችና ሌላ ጥያቄ ሳትጠይቅ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አስወሰደቻት።

ኮሪደሩ ላይ ረጅም አግዳሚ አለ። ፀሐይ ከነሰደርያዋ ደረሰች። ወይዘሮ አስካለም መጡ፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው። እውነቱን ልናገር፣ ቁጭ አላሉም። ቀዶ ጥገናው እስኪያልቅ ውኃ ሳይቀምሱ ግድግዳው ሥር ቆመው ጸለዩ፣ እንባቸውም የእውነት ነበር። ልጅቷን ይወዷታል። በዚህ ነው ይበልጥ የምንቃቸው፤ ያን ያህል ፍቅር ይዘው ያን ያህል አለማወቅን መምረጣቸው።

ሐኪሟ ወጣች። ልጅቷ ትተርፋለች አለች። ከእንቁላል ማምረቻዎቿ በአንዱ ላይ ትልቅ ዕጢ ነበር፤ ዕጢው ተጠማዞ ማምረቻውን ደም አሳጥቶታል። ክፉ ዓይነት ዕጢ አይመስልም፣ ማምረቻውን ግን አውጥተነዋል፣ አንዱ ቀርቷታል አለች። «ሰሞኑን ሕመሙ እንደጀመራት ብታመጧት እኮ እሱንም እናተርፈው ነበር። ምን ስትጠብቁ ነበር?»

 ፀሐይ ግን ሌላ ጥያቄ ነበራት።

«እርግዝና አይደለም?»

«አይደለም።»

«ዕጢ ነው?»

«ዕጢ ነው፣ እናቴ።»

ፀሐይ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ እልል አለች። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ ልጇ ሆዷ ተቀድዶ በተኛችበት፣ እልልታዋን አቀለጠችው። ወይዘሮ አስካለ ተንበርክከው ወለሉን ሳሙ። «ተመስገን» አሉ። «ክብሯን ጠበቀላት። ዕጢ ነው፣ ተመስገን፣ ዕጢ ነው።»

አግዳሚው ጫፍ ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው የተቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ። እልልታው ሲሰማ ፊታቸው በራ። ቀና ብለው «እንኳን ማርያም ማረቻት» አሉ። «ወንድ ነው ሴት?»

«ዕጢ ነው፣ አባባ» አለች ፀሐይ፣ እየሳቀች፣ እያለቀሰች።

ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። በዚያ ኮሪደር ላይ ከሐኪሟ ሌላ ማሰብ የሚችል ሰው ያየሁት እሳቸውን ብቻ ነው።

ብሌን ከማደንዘዣው ስትነቃ እናቷ እግሯን እየሳመች ነበር፣ ወይዘሮ አስካለም ግንባሯን። ልጅቷ አንዷን አየች፣ ሌላዋን አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ሚስ» አለች፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ «ለምንድን ነው ሁሉም ደስ ያላቸው?»

ወይዘሮ አስካለ ይቅርታ ጠይቀው ይሆናል ብሎ የሚያስብ ካለ ሰው አያውቅም። በሳምንቱ መምህራን ክፍል ዳቧቸውን እየቆረሱ ታሪኩ ተቀይሮ ነበር፤ የልጅቷን ዕጢ ከሐኪም ቀድመው ያወቁት እሳቸው ናቸው፣ በሜትር። «አንድ ነገር እንዳለ ነግሬያችሁ አልነበር?» መምህራኑም «ነግረውናል» አሉ። ርዕሰ መምህሩ በሰልፍ ላይ አመሰገናቸው። ልኬቱ በዚያ ዓመት «የጤና ክትትል» ተባለ፣ ለተቆጣጣሪውም እንደ በጎ ተሞክሮ ቀረበ። ተቆጣጣሪው ጥሩ ነው ብሎ ሄደ። እኔም የትምህርት ዓመቱ ሲያልቅ ሄድኩ።

አሁን ወደ ለቅሶው ልመለስ። ቀብሩ አመለጠኝ፤ በሠልስቱ ድንኳኑ ድረስ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ብትጠይቁኝ፣ እሳቸው የማንንም ለቅሶ አይቀሩም ነበር፤ በዚያ እንኳ እንዳይበልጡኝ ብዬ ነው። የሕይወት ታሪካቸው በድምፅ ማጉያ ተነበበ። «ለሴት ልጅ ክብር የታገሉ» አለ አንባቢው፤ «በተሰጣቸው ጸጋ ከሐኪም ቀድመው ሕመም የሚያውቁ።» ሴቶቹ መካከል አንዲት ሴት ጮክ ብላ አለቀሰች። ፀሐይ ነበረች። «ልጄን ያተረፉልኝ እናቴ» እያለች ደረቷን ትመታለች። እግዜር ያጽናሽ ይሏታል።

ያተረፏት ልጅ ከኋላ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ብሌን አሁን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ጉንጉኑ ቀርቷል፣ ጸጉሯን አሳጥራዋለች። አብረን ለቀስተኛውን አየን። ከዚያ ከአትላስ ጀምሮ ሲከነክነኝ የነበረውን ጠየቅኋት።

«ሜትሩ ማን ጋ ሄደ?»

«ሚስ ሜሮን ጋ» አለች። «አዲሷ የሥነ ምግባር ኃላፊ። ሳይታመሙ በፊት ራሳቸው ናቸው ያስረከቧት። በጭብጨባ፣ ሲሪየስሊ።»

«አንቺ ምን አውቀሽ?»

«እህቴ እዚያ ናት እኮ። ኤዶም። ዘንድሮ ዘጠነኛ ገባች።» ወደ እናቷ በአገጯ አመለከተች። «እማዬ ናት ያስገባቻት። ሌላ ትምህርት ቤት አላምንም አለች።»

 ኤዶምን ትንሽ ልጅ ሳለች ሆስፒታል በር ላይ አስታውሳታለሁ፤ አትገቢም ተብላ ስታለቅስ።

«ለኳት?» አልኩ።

«ባለፈው ሳምንት ተሰልፈው ነበር። ተራዋ ሲደርስ 'ለምንድን ነው የምንለካው?' አለቻት ሚስ ሜሮንን። 'ለዩኒፎርም' አለቻት። 'ዩኒፎርሜ ልኬ ነው' ብላ ከሰልፉ ወጥታ ክፍሏ ገባች። ከኋላዋ የነበሩት ሦስት ልጆችም ወጡ።»

«እንዲህ በይ ያልሻት አንቺ ነሽ?»

«እኔ አይደለሁም። እኔ መጽሐፉን ብቻ ነው ያስነበብኳት። አሁንም በስቴፕለር ይመቱታል፣ ሚስ። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብለን ነቀልነውና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብነው። ያልገባትን ጠየቀችኝ። ገንዳውንም ነገርኳት፣ በሳቅ ሞተች።» ብሌንም ሳቀች፤ ለቅሶ ቤት መሆኗን አስታውሳ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች።

«ከዚያስ?»

«ነገ ወላጅ ይዘሽ ነይ ተብላለች። አራቱም እንደዚሁ። እንዲህ ያለች ልጅ የምትደብቀው ነገር አለ ብለዋል።»

ያልበላት አታክም። ሴትየዋ ድንኳን ተተክሎላቸው ቃላቸው ገና ኮሪደር ላይ ይዞራል። ፀሐይን አየኋት፤ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈዋት ታለቅሳለች።

«እናትሽ ታውቃለች?»

«ካወቀች አስቀድማ ራሷ ነው የምትለካት። እኔ ነኝ የምሄደው። እህት ወላጅ አይደለችም ካሉኝ ደግሞ…» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። እጇ ሳታውቀው ወደ ሆዷ ሄዶ ነበር፣ ስፌቱ ያለበት ቦታ ላይ።

«ስንት ሰዓት ነው የጠሯት?»

«ሁለት ሰዓት። ከሰልፍ በፊት።»

«ነገ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠብቂኝ» አልኳት።

ካህኑ ሊጸልዩ ብድግ ሲሉ ድንኳኑ ሙሉ ሰው ተነሣ። እኛም ተነሣን።